ዘበኛው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?

(የወንዝ ዳር ነዋሪዎች ማኅበር ሊቀ መንበር እትዬ አስካለ የምክር ቤት አባሉን አቶ ልሳነወርቅን ቢሮው ገብተው አፋጠውታል፤ ምክር ቤቱ ስለ ቆዳ ፋብሪካው ፍሳሽ ድምፅ የሚሰጠው ነገ ነው።)

አስካለ፦ ነገሩን አታዙርብኝ! ነገ እጅህን ታወጣለህ ወይስ አታወጣም?

ልሳነወርቅ፦ እትዬ አስካለ፣ በእናትዎ፣ ሰው ይሰማል።

አስካለ፦ ይስማ! «ይሄን መርዝ ከወንዛችሁ ካላስቆምኩ ልሳነወርቅ ብላችሁ አትጥሩኝ» ብለህ በድምፅ ማጉያ አልማልክም? ታዲያ አሁን ማን ብለን እንጥራህ?

ልሳነወርቅ፦ «የተከበሩ» ይበቃኛል።

አስካለ፦ ባጎረስን ተነከስን! ቤት ለቤት ዞረን ያስመረጥንህ እኛ ነን።

ልሳነወርቅ፦ መቼ ካድኩ? ግን ባለ ፋብሪካዎቹም ማኅበር አላቸው። እናንተ በዚህ ትጎትቱኛላችሁ፣ እነሱ በዚያ። ዴሞክራሲ ማለት ይኸው ነው፤ የበረታው ወደ ወሰደኝ እሄዳለሁ።

አስካለ፦ እንግዲያው ብርታታችንን ነገ ታየዋለህ። መንደሩ ነቅሎ ይወጣል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ልሳነወርቅ፦ ድሩማ ተበጠሰ። አልነገሩዎትም?

አስካለ፦ ምን?

ልሳነወርቅ፦ ፋብሪካው የአባሎቻችሁን ልጆች ቀጠረ። የዘነቡን ሁለቱንም፣ የምክትልዎን ሴት ልጅ... ሆድ ከአገር ይሰፋል፣ እትዬ። ነገ ማን የሚወጣልዎት ይመስልዎታል?

አስካለ፦ እኛ ፋብሪካው ይዘጋ አላልንም። ፍሳሹን ያጣራ ነው ያልነው።

ልሳነወርቅ፦ ማጣሪያ ውድ ነው። ሰው ይረክሳል።

አስካለ፦ አፈር ብላ! የልጅ ልጄን የገደለው ያ ውሃ ነው!

ልሳነወርቅ፦ ሐኪሙ እንደዚያ አላለም።

አስካለ፦ አንተ ብለሃል! ቀብሯ ላይ ቆመህ፣ እንባህን እየጠረግህ!

ልሳነወርቅ፦ ያኔ የምርጫ ሰሞን ነበር።

አስካለ፦ (ወንበር ይዘው ቁጭ ይላሉ።)

ልሳነወርቅ፦ ውሃ ላምጣልዎት?

አስካለ፦ ብቻዬንም ብሆን ነገ ፋብሪካው በር ላይ እተኛለሁ። መኪናቸው በላዬ ይለፍ።

ልሳነወርቅ፦ መኪና ምን አመጣው? ዘበኛው ጎትቶ ያነሳዎታል። ዘበኛው ማን እንደሆነ ያውቃሉ?

አስካለ፦ የፈለገው ይሁን።

ልሳነወርቅ፦ ልጅዎ መኳንንት ነው። ትናንት የደንብ ልብስ ተሰጠው።

አስካለ፦ መኳንንት? የሕፃኗ... አባቷ?

ልሳነወርቅ፦ ሊነግርዎት ፈርቶ ነው። ሥራ ከፈታ ቆየ፣ ሚስቱም ተማርራለች። ያስቀጠርኩት እኔ ነኝ፤ ምስጋናው ይቅርብኝ። ብቻ ቤትዎ ይዋሉ፣ የልጅዎን እንጀራ አይድፉበት።

አስካለ፦ እመጣለሁ።

ልሳነወርቅ፦ ካላነሳዎት እኮ ያባርሩታል!

አስካለ፦ ያባርሩት። ካነሳኝም የሕፃኗን ፎቶ ደረቴ ላይ ለጥፌ ነው የምተኛው። እናቱን ከነሟች ልጁ ሲጎትት ከተማው በየሞባይሉ ይቅረጸው።

ልሳነወርቅ፦ እርስዎ ሰው ነዎት? ከዚያ በኋላ ዓይንዎን ያያል?

አስካለ፦ አያይም።

ልሳነወርቅ፦ በገዛ ልጅዎ!

አስካለ፦ አንድ ነው የቀረኝ፤ እሱንም ላጣው ቆርጫለሁ። አሁን ስልክህን አንሳና ባለ ፋብሪካዎቹን ጠይቃቸው፤ እነሱስ አንተን ለመጎተት ሲሉ ምን ለማጣት ቆርጠዋል?