ጥቁሩ ገብስም ይግባ

ባለፈው ዓርብ ጠዋት ሾላ ገበያ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ፣ ሰልፉ አልንቀሳቀስ ብሎኝ ስናደድ፣ ከፊቴ ያሉት ሰው ዞር ሲሉ ጎረቤታችን ኦቦ ሰቦቃ ሆነው ተገኙ። በአንድ እጃቸው የገዙትን ጤፍ፣ በሌላው በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ የመስታወት ዕቃ ይዘዋል።

«ጵርስቅላ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ፤ እስኪ ንገሪኝ» አሉ ሰላምታ እንደተለዋወጥን። «ስፔሲመን ማለት ምርጥ ማለት ነው አይደል?»

«ማን አለዎት?»

«ከዘር ማከማቻው የመጣው ልጅ ነዋ! ‹ገብስዎ የጥንት ዘር ነው፤ ስፔሲመን ያምጡልንና እናስቀምጠው› አለኝ። ይኸው እኔና ባለቤቴ ሎሚ ሳምንቱን ሙሉ ስንለቅም ከረምን። ተመልከቺ!»

ጨርቁን ገለጡት። ውስጡ ያለው ገብስ ሁሉም ነጭ፣ ሁሉም ወፍራም ነው። ለሠርግ የተዘጋጀ ይመስላል።

ኦቦ ሰቦቃን ለማያውቅ አንባቢ ነገሩን ላስረዳ። ከእንጦጦ ግርጌ፣ ከባሕር ዛፉ በታች ያለው ሜዳ የአባታቸው እርሻ ነበር። ዛሬ ፎቅና የግንብ አጥር ሞልቶታል። እሳቸው ግን በጓሯቸው በቀረችው ቁራሽ መሬት የአባታቸውን ገብስ በየዓመቱ እየዘሩ ዘሩን ጠብቀው ኖረዋል። ዘንድሮ ያቺም ቁራሽ ልጃቸው ቤት ሊሠራባት ተቆፈረች። የመጨረሻው ምርት ይኸው ነው።

«ይህማ ስፔሲመን አይደለም» አልኳቸው። «ስፔሲመን በእኛ ቋንቋ ናሙና ነው። ጥቂቱ ስለ ብዙው እንዲመሰክር የሚወሰድ ማለት ነው። ሐኪም ቤት ከክንድዎ ደም ሲወስዱ ጥሩ ጥሩውን መርጠው ነው?»

«ደም ሌላ፣ ገብስ ሌላ። ሰው ዘንድ ግርድ ተይዞ አይኬድም።»

«ግርድ ያሉት፣ ትንንሹና ጥቁሩ፣ የት ሄደ?»

«ሎሚ ለቂጣ ልታስፈጨው እዚሁ ገበያው ጀርባ ወዳለው ወፍጮ ቤት ይዛው ሄዳለች።»

«መቼ?»

«አሁን ነዋ። ተራ እየጠበቀች ነው።»

ክው አልኩ። «ይደውሉላት! አታስፈጪው ይበሏት!»

«ሳይገባኝ አልደውልም። ሴትዮዋ ስትለቅም ወገቧ ተቆርጧል። አንዲት ልጅ መንገድ ላይ ስለተቆጣችኝ ሞኞች ነበርን ልበላት?»

«እሺ፣ ጤፉን የሸጠልዎት ነጋዴ ከጆንያው አናት ዘግኖ ቢያሳይዎት ያምኑታል?»

«ሞኝሽን ፈልጊ! እጄን እስከ ክርኔ ከትቼ ከሥር ነው የማወጣው። አናቱን በጥሩው ያለብሱታል።»

«እርስዎስ አሁን ምን እያደረጉ ነው?»

ከኋላችን የቆመች ሴት ሳቀች። ኦቦ ሰቦቃ ግን ፊታቸው ጠቆረ። «እኔን ከሌባ ጋር? እኔ ላክብራቸው ብዬ ነው!»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አውቃለሁ። እሱ ለማታለል፣ እርስዎ ለማክበር። ዕቃውን የሚቀበለው ሰው ግን ከሁለታችሁም ዘንድ የሚያየው አናቱን ብቻ ነው።»

ለእንግዳ ጥሩ ጥሩውን ማቅረብ መልካም ልማዳችን ነው፤ አልነቅፈውም። ግን እንግዳው ሊበላ ሳይሆን ሊያውቀን ሲመጣም ያንኑ እናደርጋለን። ያን ጊዜ ክብራችን ውሸት ይሆናል።

«አባትዎ ጥቁሩን ለምን ለቅመው አልጣሉትም?» ስል ጠየቅኳቸው።

ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፤ እሳቸው ግን እዚያው ቆሙ።

«አባቴ ቀላቅሎ ነበር የሚዘራው» አሉ በመጨረሻ። «ልጅ ሳለሁ አንድ ጥቅምት ከእንጦጦ ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስንነሣ ነጩ ተለብልቦ አድሯል። ጥቁሩ ግን እዚህም እዚያም ቆሟል። አባቴ በማሳው መሀል እየዞረ እያንዳንዱን ጥቁር ዛላ ይዳስስ ነበር። ‹ጂርታ? ጂርታ?› ይለዋል፤ አለህ ወይ፣ በሕይወት አለህ ወይ እያለ፣ ልክ እንደ ሰው። በዚያ ዓመት ያተረፈን እሱ ነው።» ወደ ተራራው ተመለከቱ። «አሁን ማሳው የት እንደነበር እንኳ ለልጆቼ ማሳየት አልችልም። መኪና ማጠቢያው ጋ ይመስለኛል።»

«ማሳውን ማሳየት አይችሉም» አልኩ። «ገብሱን ግን ይችላሉ። እዚህ ዕቃ ውስጥ ጥቁሩ አለ?»

ዕቃውን ወደ ፀሐይ አነሡና ረጅም ጊዜ አዩት።

«የድሃ ገብስ ይሉብን ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አፍሬበት ነው።» ስልካቸውን አወጡ። «ሎሚ! ተራሽ ደረሰ?»

የአዴ ሎሚ ድምፅ ከወፍጮው ጩኸት በላይ ተሰማ። «ከፊቴ የአንዲት ሴትዮ ሽምብራ ብቻ ነው የቀረው! ምን ሆንክ?»

«እንዳታስፈጪው!»

«አብደሃል? ከስንት ልፋት በኋላ!»

«ስመጣ ትሰድቢኛለሽ፤ አሁን ጆንያውን ይዘሽ ውጪ!»

ታክሲው ሲመጣ እኛ ወደ ወፍጮ ቤቱ እየሮጥን ነበር። አዴ ሎሚ የጆንያውን አፍ ጨብጠው በር ላይ ቆመዋል። ኦቦ ሰቦቃ የመስታወቱን ዕቃ ጆንያው ውስጥ ገለበጡት።

«ወይኔ ዓይኔ! ወይኔ ወገቤ!» አሉ አዴ ሎሚ።

ኦቦ ሰቦቃ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገብሱን በደንብ አማሰሉት። ከዚያ ከላይ አንድ እፍኝ፣ ከመሀል አንድ እፍኝ፣ ከሥርም እየዘገኑ ዕቃውን ሞሉት። ነጩ፣ ጥቁሩ፣ ትንሹ፣ ትልቁ አንድ ላይ ገባ።

ሰኞ ዕለት አብሬያቸው ሄጄ ዕቃውን ለዘር ማከማቻው አስረከብን። የተቀበለን ወጣት ጥቁሩን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። ወደፊት ብርድ ለሚበረታበት አገር ዘር የሚፈልግ ሰው ቢመጣ፣ የሚጠቅመውን እዚያ ያገኛል። የተመረጠው ብቻ ገብቶ ቢሆን ግን ውርጭ የቻለው ዘር ቂጣ ሆኖ ተበልቶ በቀረ ነበር። ለገብስ ብቻም አይደለም፤ የምንጭ ውሃችንን ስናስመረምር ከምንቀዳበት ቦታ እንውሰድ፤ የሰፈሩን ሐሳብ ስንጠይቅ ከኋላ የተቀመጡትንም እንጠይቅ። የራሳችንን ጉድለት ደብቀን የሚረዳን ሰው አናገኝም።

ኦቦ ሰቦቃ ግን ከቢሮው ሲወጡ ስለዚህ ሁሉ አላነሡም።

«ይዘሩታል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አሉኝ።

«አንድ ቀን፣ አዎ።»

«እንግዲህ የሆነ አገር፣ የማላውቀው ሰው፣ ውርጭ ባደረበት ጠዋት ወደ ማሳው ይወጣል» አሉና ፈገግ አሉ። «ምን ይል ይሆን?»