ሽማግሌ የጎደለው የቄራ ሠራተኛ

የቄራ ደም እንደማይደፋ መጀመሪያ የሰማሁት ከሞጆ ወደ አዳማ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ነው፤ አገሬ ሩቅ ስለሆነ ብዙውን ነገር የምሰማው እንዲሁ በመንገድ ነው። ከፊቴ የተቀመጠ ወጣት አጠገቡ ላሉት አዛውንት ችግሩን ይነግራቸው ነበር።

«አባባ፣ ዛሬ ላገባት የምፈልጋትን ልጅ ሊጠይቁልኝ ከነበሩት ሦስት ሽማግሌዎች አንዱ ቀሩብኝ። ቄራ ውስጥ ደም ለሚሰበስብ ሰው አልለምንም አሉ።»

«ደሙን ምን ታደርገዋለህ?»

«በንጹሕ ታንክ እቀበለዋለሁ። ሐኪሙ ከብቱን መርምሮ ጤነኛ ነው ሳይል ከሌላው ጋር አልቀላቅለውም።»

«ከዚያስ?»

«ይቀቀላል፣ ይደርቃል፣ ተፈጭቶ የዶሮ መኖ ይሆናል።»

ከኋላ አንዲት ሴት፣ «ዶሮዋን ደግሞ እኛ እንበላለን» አለች።

«እትዬ፣ ገና ሳልገባበት ትዳሬን አያፍርሱብኝ።»

«ታንኩን ማን ያጥበዋል?» አሉ አዛውንቱ።

«እኔ። በየቀኑ፣ በፈላ ውሃ።»

«ቤትህስ ሳህን ታጥባለህ?»

«አጥባለሁ።»

«እንግዲያ ለልጅቷ እናት መጀመሪያ የሳህኑን እንነግራቸዋለን፤ የደሙ ይቆየን። ቤታቸው የት ነው?»

በልቤ እየጸለይኩለት ስለወረድኩ፣ እዚያ ቤት የነበራችሁ ሰዎች ልጅቷን ሰጡት ወይስ ከለከሉት፣ እባካችሁ ንገሩኝ።