ሰይድ ቢን ያገኘልን ሰው

«ነፃነትዬ፣ ግቢ ግቢ! ዝናቡ ያዘሽ እንዴ? ሻርፕሽን ስጪኝ ላስጣው... እኔማ ጠዋት ኤረር በር ወጥቼ ይሄን ዘይቱን፣ ጓቫውን፣ ገዝቼ ስመለስ ጠብታም አልነበረም። እንኪ፣ ይቺ ደህናዋ ናት። ሌላውን ተዪው። ላዩን ስታዪው ቢጫ ነው፣ ሽታውም አይከፋም፤ ሻጯን "በስሏል ወይ?" ብላት ወላሂ ብላ ማለችልኝ። ቤት አምጥቼ ብነክሰው... ድንጋይ! ዘንድሮ እንዲህ ያለው ነገር በዛ፣ አይደል? ሳይበስል ቢጫ የሚሆነው።»

ወይዘሮ ዋፊቃ ይህን ሲሉ ወደ ዘከሪያ አንዴ እንኳ ዞር አላሉም። ዘከሪያን ያሳሰበውም ይኸው ነው። ጥጉ ላይ ተቀምጦ ሻዩን እየጠጣ ነበር፤ ሴትዮዋ ለገባ ሁሉ ሰላምታ ሲሰጡ እሱን ግን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ሳህን አለፉት። ይሄ በሐረር ደግ ምልክት አይደለም።

ቤቱ የወይዘሮ ዋፊቃ ነው፤ ከፈረስ መጋላ ጀርባ፣ ጠባቡ መንገድ ውስጥ። እሁድ እሁድ ከዐሱር ሶላት በኋላ የሮክና የብሉዝ አፎቻ እዚህ ይሰበሰባል። አፎቻ መቼም እንደ ዕድር ለሠርግና ለቀብር ነው የሚቋቋመው፤ እነዚህ ግን ለጊታር አቋቋሙት። ሥርዓቱም ቀላል ነው። ባለተራው አንድ ዘፋኝ ያስተዋውቃል፣ ይደመጣል፣ ከዚያ ወይ ይመሰገናል ወይ ይታማል። ዛሬ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። የከተማው ሬዲዮ ለቅዳሜ ግማሽ ሰዓት ሰጥቷቸዋልና ማን ቀርቦ እንደሚናገር ሊመርጡ ነው።

ዘከሪያ እሱ እንደሚሆን ጥርጥር አልነበረውም። ለዚሁ ሲል ወበቁን ችሎ የቆዳ ጃኬት ለብሶ መጥቷል። ልጁ ክፉ አይደለም። ተመርቆ ሥራ ፍለጋ ሲንከራተት ይኸው ስንት ጊዜው፣ ከተማው አንድም ነገር ጠይቆት አያውቅም፤ ይሄ ሬዲዮ የመጀመሪያው ነው። እናቱም ደስታቸውን መያዝ አቅቷቸው ለጎረቤት ሁሉ ተናግረው ጨርሰዋል።

«እና ነፃነትዬ፣ ምን እያልኩሽ ነበር? ኧረ ምንም አላልኩም። እኔ ስለ ሰው አላወራም፤ ምላሴን ለአላህ ካስረከብኩ ቆየሁ። ብቻ የተማረ ሰው ሳይ ደስ ይለኛል። አንድ ልጅ አለ... ስሙ ምን ያደርግልሻል፣ አዋቂ ነው በቃ። አዋቂ ስልሽ ሳይጠይቁት የሚመልስ። ጊታሩ ገና ሳይቃኝ "ይሄ ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደመጣ አውቃለሁ" የሚል። እኛ በዘመናችን ዘፈን ሰምተን "ግሩም ነው" ብለን ዝም ነበር፤ ለካ አለማወቃችን ነው! ለካ ዋናው ዘፋኙ ሳይሆን አስተዋዋቂው ኖሯል።

«ባለፈው እሁድ ተራው የእኔ አልነበር? የዚያችን ጊታር የምትመታ ሴት ዘፈኖች አመጣሁላችሁ። ድምጿ ሻካራ፣ ግን ልብ የምትገባ። የመጀመሪያውን ዘፈን እንኳ ሳትጨርስ ልጁ እጁን አነሳ። በአክብሮት ነው ያነሳው፣ ለምን እዋሻለሁ... "ይሄ ለሠርግ ይሆናል፤ ብሉዝ የተሰበረ ልብ ይፈልጋል" አለ። ለእኔ! ባሌን ቀብሬ ለምኖር! እውነቱን ነው እኮ፣ ነፃነትዬ። እኔ ምን የተሰበረ ነገር አለኝ? የጓዳው መስኮት ብቻ ነው።»

ነፃነት መሳቅም ማዘንም አቅቷት ዘይቱኗን ገመጠች። ከጎኗ የተቀመጠው ሐሰን፣ ሸዋ በር ላይ ሬዲዮና ቴፕ የሚጠግነው፣ አንገቱን ደፋ። ዘከሪያ ብርጭቆውን አንስቶ ጠጣ። ሻዩ ካለቀ ቆይቷል፤ እሱ ግን ብርጭቆውን ከአፉ ማውረድ ስላልፈለገ ባዶውን መጠጣቱን ቀጠለ።

«ከዚያ አንድ ካሴት አወጣልን። ከየት? ከእኔው ካርቶን፣ ባሌ ሙሜ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ትቶልኝ ከሄደው። እኔ ካርቶኑን ለአፎቻው ያወጣሁት አቧራ ከሚበላው ብዬ ነበር፤ ለካ ታሪክ ተቀብሮበታል! ልጁ ካሴቱን ከፍ አድርጎ ይዞ "ሰይድ ቢ" አለን። ዓለም የረሳው የብሉዝ ንጉሥ! አያቱ ከጁገል ግንብ ወጥተው፣ ከዘይላ ወደብ መርከብ ተሳፍረው፣ ሚሲሲፒ የገቡ! አቤት... እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ ሳረጅ የዚህን ሰው ዘመድ አንድም ቀን አግኝቼ አላውቅም። "ቢ" የምትለዋ የማን ስም ትሆን? የበድሪ? የበከር? አልጠየቅኩም። ሰው ሲያስተምር አይቋረጥም።

«ድምፁስ! ከጉድጓድ የሚወጣ። "ኦኦ... ኦኦ... ወይኔ..." የሚል ይመስላል። ሐሰን አልቅሷል። ምን ያሳፍርሃል ሐሰን፣ ሁሉም አልቅሷል። ልጁ ደግሞ ማቃሰቱን አንድ በአንድ ይተረጉምልናል። ይቺ ባርነት ናት፣ ይቺ ፍቅር ናት፣ ይቺ ረዘም ያለችው የኤረር ወንዝ ናፍቆት ናት። ከኋላ አንዲት አሮጊት "ግራንፎርድ... ግራንፎርድ..." እያለች ትጮሃለች፣ ሰምተሻታል። የጠፋች መንደራቸው ናት አለን። ነፃነትዬ፣ አንቺ ጂኦግራፊ ታስተምሪ የለ? ግራንፎርድ በየት በኩል ነው? አታውቂም? እንግዲህ ልጆቻችንን ማን እጅ ላይ እንደጣልናቸው እዪ።»

ዘከሪያ ያንን ትንታኔ በዚያው ቀን በቴሌግራም ለቆት ነበር። ሬዲዮውም የጠራቸው እሱን ሰምቶ ነው፤ ይሄን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ በልቡ ራሱን አጽናና። ቂም ነው አለ፣ ስለ ሠርጉ በተናገርኩት ተቀይመው ነው፤ ይናገሩና ይውጣላቸው። እንዲያውም ፈገግ ለማለት ሞከረ።

«በነገራችን ላይ ሐሰን፣ የቴፑን ላስቲክ ልትቀይርልኝ አልነበር? ላልቷል ብለኸኝ ነበር። ላስቲኩ ሲላላ ካሴቱ እየተጎተተ ይዞራል፣ የሕፃን ድምፅ የሽማግሌ ይሆናል፣ የሽማግሌው ከመቃብር የሚመጣ ይመስላል ያልከኝ አንተ አይደለህም? ምቀኛ! እንዲህ ያለ ነገር በአዋቂ ፊት አይነሳም።

«ቴፕ ስል ግን ሙሜ ትዝ አለኝ። ነፃነትዬ፣ የሙሜን መንጋጋ ነግሬሽ አላውቅም? ቴፑን አዲስ ያመጣ ሰሞን ነው። ድምፅ ይቀዳል ተብሎ ሊሞክረው ቁልፉን ሲጫን፣ ያቺ የተበላች መንጋጋው ተነሳችበት። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው አሻፈረኝ አለ። ቴፑን ማጥፋቱን ረስቶ፣ ጉንጩን ደግፎ "ኦኦ... ኦኦ... ወይኔ..." ይላል። እኔ ደግሞ ከጓዳ ሆኜ "ቅርንፉድ! አንተ ሰው፣ ቅርንፉድ ንከስበት!" እያልኩ እጮሃለሁ። መቼም ለጥርስ የቅርንፉድን ያህል የሚያደነዝዝ የለም። ቅር...ን...ፉ...ድ። ጎተት አድርገሽ በይው እስቲ፣ እንደ ላላ ላስቲክ። ደስ አይልም? የአገር ስም ይመስላል እኮ።»

የሐሰን ትከሻ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ አንዱ ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለው፣ ነፃነት የዘይቱኑ ፍሬ ትን ብሏት ጀርባዋን ይመቱላት ጀመር።

ዘከሪያ አልሳቀም። ጆሮው ነደደ፣ ጃኬቱ ውስጥ ላቡ በጀርባው ወረደ። ካሴቱ ላይ የተጻፈውን በዓይነ ሕሊናው ቁልጭ አድርጎ አየው፤ በእስክሪብቶ፣ በላቲን ፊደል፣ ግልጽ ሆኖ ነበር የተጻፈው። ስም ነው። ስም ካልሆነ ምንድን ነው?

«ሙሜ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚጽፈው በጆሮው ነበር፣ እንደሰማው። ካሴት ሁለት ጎን አለው አይደል? ባንዱ ሳይድ ኤ፣ በሌላው ሳይድ ቢ። የዛሬ ልጆች የት ያውቁታል፣ እነሱ ያደጉት በሚሞሪ ነው። ሙሜዬ "ሳይድ" ብሎ ሲጽፍ ኤስ፣ ኤ፣ አይ፣ ዲ ይላታል። ያው ሰይድ የሚባል ሰው መታወቂያው ላይ ስሙ እንደሚጻፈው ማለት ነው። ስንቴ ነገርኩት! "አንተ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ሰው ታሳስታለህ" አልኩት። አላሳሳተም ግን። አልሐምዱሊላህ፣ አዋቂ እጅ ነው የገባው።»

ሳቁ እንደገና ተነሳ፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑን የማይጠርግ አልነበረም። ወይዘሮ ዋፊቃ ብቻ አልሳቁም። የነፃነትን ሻርፕ ከወንበሩ ላይ አንስተው፣ ደርቆ እንደሆነ በጣታቸው ነካ ነካ እያደረጉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ቀጠሉ።

«ፎቶው አለኝ፣ ሁልጊዜ አየዋለሁ። ድምፁ ግን ጠፍቶብኝ ነበር፣ ነፃነትዬ። ስሜን እንዴት ነበር የሚጠራው እያልኩ ባስብ፣ ባስብ... የለም። ባለፈው እሁድ እዚህ ሰው መሀል "ወይኔ" ሲል ሳላስበው ብድግ አልኩ። ላላም፣ ተጎተተም፣ እኔን አያሳስተኝም። "ያ አላህ" ከማለቴ "እባክዎ፣ እየሰማን ነው" ተባልኩ። በ"እርስዎ" ነው የተባልኩት! የተማረ ሰው ሲያስቀምጥሽም በወግ ነው። እኔም ተቀመጥኩ። የገዛ ባሌን ከእንግዶች ጋር ዝም ብዬ ሰማሁት፣ ከዚያ ወደ ጓዳ ገባሁ። በሠርጉ ነገር የተቀየምኩ መስሏችሁ ነበር አይደል? ይሁን።»

አሁን የሚስቅ ጠፋ። ዘከሪያ በሕይወቱ እንዲህ አፍሮ አያውቅም። ተነስቶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ፣ አላወቅኩም ነበር ሊላቸው ፈለገ፤ ጉልበቱም ሊነሳ ዳድቶት ነበር። ግን ማን ጠራው? ማንም ስሙን አላነሳም። «ይቅርታ» ካለ ልጁ እሱ መሆኑን በገዛ አፉ መናገሩ ነው፤ ከዚያ ሬዲዮውም ቀረ፣ እናቱም ከጎረቤት ፊት ወደቁ። በዚህ መሀል ወኔው ከዳውና እዚያው ተጣብቆ ቀረ። ወይዘሮ ዋፊቃም የሚጠብቁት ነገር እንዳለ ሁሉ ሻርፑን ቀስ ብለው አጣጠፉ፤ ምንም ሲያጡ ለነፃነት ሰጧት።

«በሉ ወደ ጉዳያችን። ለቅዳሜ ሬዲዮ ሰው ምረጡ ተብለናል። እኔ ማንንም አልጠቁምም። ብቻ ከጠየቃችሁኝ ያ ልጅ ነው የሚሻለው። ስለ ሰይድ ቢ ከእሱ የበለጠ ማን ያውቃል? እኔ? እኔ የሰውዬው ሚስት ብቻ ነኝ! ሬዲዮው ሰይድ ቢን ነው የጠየቀው፣ ሰይድ ቢን እንስጠዋ። ካሴቱንም በክብር አውሰዋለሁ። አንተ ሐሰን ብቻ፣ ላስቲኩን እስከ ቅዳሜ እንዳትነካብኝ፤ ጥበቡ ይጠፋል። ሌላ የሚወዳደር አለ? እኔ አልሆንም የሚልስ ካለ... አሁን ይናገር። የለም? እንግዲያው እጅ አውጡ።»

መጀመሪያ የወይዘሮ ዋፊቃ እጅ ወጣ። ቀጥሎ የሐሰን፣ የነፃነት፣ የሁሉም። ዘከሪያ አልሆንም ለማለት አፉን ከፈተ፤ ሁሉም ዞር ብሎ ሲያየው መልሶ ገጠመው። ወይዘሮ ዋፊቃ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩትና እንደ እናት ፈገግ አሉለት፤ ቢያስፈራው ጊዜ እጁን አወጣ። በሙሉ ድምፅ ተመረጠ።

እንዲህ ያለ ነገር ያለ ዱዓ አይዘጋም። ወይዘሮ ዋፊቃ መዳፋቸውን ዘረጉ፣ አፎቻው በሙሉ ዘረጋ፣ ነፃነትም አንገቷን ዘንበል አደረገች። ዘከሪያ ጃኬቱ እየተንሿሿ መዳፎቹን ከሰው ጋር እኩል ዘረጋ።

«ያ ረቢ፣ ያን ልጅ ለቅዳሜ በሰላም አድርስልን። ጉሮሮውን ጠብቅለት፣ ጥርሱን ጠብቅለት። አፉን በከፈተ ጊዜ ከኤረር በር እስከ ሸዋ በር እንባውን የማይጠርግ ሰው አይኑር። እናቱንም ጤና ስጥልን... ጎረቤቱን ሁሉ ሰብስበው፣ ሬዲዮኑን ከፍ አድርገው፣ ልጃቸውን አንዲት ቃል ሳታመልጣቸው ለመስማት አብቃቸው። አሚን በሉ እንጂ... ሁላችሁም!»