«ፈሪ ነኝ» ያለው ሙሽራ

(አዳማ፣ ቅዳሜ ረፋድ። ግድግዳው በፍራሽ ስፖንጅ በተለበጠ ጠባብ የቀረጻ ክፍል ውስጥ፣ ራፐሩ ምናሴና ነገ ለእሱ ሚስት ሊለምኑ የሚሄዱት ሽማግሌ አጎቱ ጋሼ ልሳኑ ተፋጠዋል።)

ልሳኑ፦ አውርደው አልኩህ! ነገ ሰው ቤት ገብተን፣ ጉዳያችንን ጨርሰን እስክንወጣ ድረስ አውርደው። ከፈለግህ ሰኞ መልሰህ ስቀለው።

ምናሴ፦ ጋሼ፣ ዘፈን እኮ ገመድ ላይ የተሰጣ ልብስ አይደለም። ሐሙስ ከወጣ ጀምሮ በየሰዉ ስልክ ውስጥ ገብቷል።

ልሳኑ፦ እሱንማ አየሁት! አሁን ስመጣ የባጃጁ ሹፌር ከፍ አድርጎ ከፍቶታል። «ፈሪ ነኝ፣ ፈሪ ነኝ» የሚል ድምፅ ስሰማ፣ «ይሄ ምስኪን የማን ልጅ ይሆን?» ብዬ ከንፈሬን መጠጥኩ። ለካስ የገዛ ወንድሜ ልጅ ኖሯል!

ምናሴ፦ ወደዱት?

ልሳኑ፦ ወርጄ በእግሬ መጣሁ።

ምናሴ፦ ምን ላድርግ ታዲያ? ራፕ የሚያደርግ ሁሉ ጣልኩ፣ ሰበርኩ ይላል። እኔ ደግሞ ለአንድ ጊዜ እንኳ የሚያስፈራኝን ልናገር አልኩ። የተናገርኩት እውነቴን ነው።

ልሳኑ፦ የመድረክ ስምህን «መብረቅ» ብለህ አውጥተህ? መብረቅ ፈራሁ ይላል?

ምናሴ፦ ነጎድጓድም እፈራለሁ። ሁለተኛው ስንኝ ላይ አለ።

ልሳኑ፦ በስመ አብ! የዛሬ ሁለት ሳምንት ሻምበል ገዛኸኝ ቤት ምን ብዬ እንደመጣሁ ታውቃለህ?

ምናሴ፦ «ልጅዎን ሶስናን ለልጃችን» ብለው ነዋ።

ልሳኑ፦ እሱማ መግቢያው ነው። ሻምበል ትክ ብለው አዩኝና «ልጁ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አሉ። ዕድሜያቸውን ጦር ሜዳ የጨረሱ ሰው ናቸው። እንዲህ ላለ አባት «ልጃችን ይዘፍናል» ተብሎ ይነገራል? «ፍርሃት የሚባል አልፈጠረበትም፤ ገና በአሥራ ሁለት ዓመቱ ጅብ በዱላ አባሯል» አልኳቸው።

ምናሴ፦ ጅብ?! ጋሼ፣ እኔ እኮ ተወልጄ ያደግኩት መናኸሪያ ጀርባ ነው! ጅቡ በአውቶቡስ መጣ?

ልሳኑ፦ የሽማግሌ ቃል እንዲህ አይመረመርም። ሠላሳ አንድ ሰው ድሬያለሁ፤ አንዱንም እንደነበረ አላቀረብኩትም። እንዲያውም አንዷ ባገባች በሦስተኛ ወሯ መጥታ «ያ የነገሩን ሰውዬ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላኛለች።

ምናሴ፦ እኔን እንዲህ እንድትለኝ አልፈልግማ! ሶስና የምታገባው እኔን ነው፤ ያንን ጅብ አባራሪ አይደለም።

ልሳኑ፦ ለመሆኑ እሷ ዘፈኑን ሰምታዋለች?

ምናሴ፦ ከሰው ሁሉ ቀድማ። «ሸረሪቷን ለምን ተውካት?» ነው ያለችኝ።

ልሳኑ፦ ሸረሪትም! እንግዲህ ስማኝ። ሻምበል «ዘመድ አማክረን መልስ እንሰጣለን» ብለው ለነገ ቀጥረውናል። ዘመድ አዝማዱ ይሰበሰባል። እኔ ተነስቼ «ጀግናው ልጃችን» ስል አንዱ ጎረምሳ ስልኩን ከፍቶ ያንተን «ፈሪ ነኝ» ቢለቅብኝስ? ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጄ።

ምናሴ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ጋሼ።

ልሳኑ፦ ያንተም ወጥቷል፣ የኔም ወጥቷል። አንዳችን መመለስ አለብን፤ በዚህ ዕድሜዬ ደግሞ እኔ አልመለስም። እስቲ ክፈተው፣ የሚጠገን ነገር ካለ አብረን እንየው።

ምናሴ፦ ከማጫውተው በአፌ ልበልልዎት። «ማይክ ስይዝ ነብር ነኝ፣ ውሻ ሳይ ግን ጥንቸል፣ የቤቴን በር እያየሁ የምዞር በሌላ በኩል...»

ልሳኑ፦ ቁም! ጥንቸሏን አውጣት። ነብሩ ላይ አቁመው።

ምናሴ፦ «ድመት ጣራ ላይ ወጥታ ቆርቆሮ ስትረግጥ፣ እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ልቤ ስትቀልጥ...»

ልሳኑ፦ ድመት! ጅብ ያባረረ ሰው ድመት? ምነው እሷን እንኳ ለራስህ ብትይዛት? በል «እፈራለሁ» የሚለውን ሁሉ «አልፈራም» በለውና እንገላገል።

ምናሴ፦ ቤት አይመታም።

ልሳኑ፦ አንተ ቤት ሳትመሠርት ስንኙ ቤት ቢመታ ምን ይረባሃል? ቀጥል።

ምናሴ፦ ሦስተኛውን ይተዉት።

ልሳኑ፦ ለምን? ከድመት የባሰ ምን ሊመጣ ነው?

ምናሴ፦ እሺ። ግን እንዳያቋርጡኝ። «አባዬ ተኝቶ ከዚያ ነጭ አልጋ ላይ፣ ኮሪደር ላይ ቀረሁ ሲያጣጥር እንዳላይ። ጀግና ትሉኛላችሁ ስሜን እየጠራችሁ፣ አንድ በር መክፈት ፈራሁ፣ ይኸው ልንገራችሁ።»

ልሳኑ፦ ይሄ... ይሄ ባጃጅ ውስጥ አልነበረም።

ምናሴ፦ ቀድመው ወርደዋላ።

ልሳኑ፦ ሦስት ዓመት ሙሉ ለምን አልነገርከኝም?

ምናሴ፦ እንዴት ብዬ? ድንኳን ውስጥ ለለቀስተኛው ሁሉ «ልጁ እስከ መጨረሻዋ ትንፋሹ ከአጠገቡ አልተለየም» ብለው ተናገሩልኝ። ሰው እየመጣ «ጎበዝ፣ አባትህን ጦርክ» እያለ ሳመኝ። እንዴት ተነስቼ «ውሸት ነው» እላለሁ? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ይሄው ደብቄ ደብቄ ታመምኩበት። ዘፈኑ የወጣው ከዚያ ነው። ውሻውም ድመቷም አጃቢ ናቸው።

ልሳኑ፦ ላንተ ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ምናሴ፦ አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለዚህም ነው ዝም ያልኩት።

ልሳኑ፦ እኔስ ያን ቀን የት እንደነበርኩ ታውቃለህ?

ምናሴ፦ መድኃኒት ፍለጋ ሄደው ነበር።

ልሳኑ፦ የምን መድኃኒት! ከሆስፒታሉ በር ማዶ ጁስ ቤት ተቀምጬ ሦስት ብርጭቆ አቮካዶ ጠጣሁ። አንዱን ስጨርስ «አሁን እገባለሁ» እላለሁ፤ ደግሞ ሌላ አዛለሁ። በአንድ ብርድ ልብስ ያደግን ወንድሜ ነው፣ ምናሴ! መግባት ፈራሁ። እናትህ ብቻዋን እጁን ይዛ ሸኘችው። እኔ ድንኳን ውስጥ ያንን ሁሉ ያወራሁት አንተን ላስመሰግን ብቻ አልነበረም፤ የራሴን ልሸፍን ነው።

ምናሴ፦ ጋሼ... አብረን ነበራ የፈራነው።

ልሳኑ፦ እስከ ዛሬ አቮካዶ ቤቴ አይገባም።

ምናሴ፦ ይሄ እኮ አንድ ስንኝ ይወጣዋል።

ልሳኑ፦ እንዳትሞክራት!

ምናሴ፦ ስልክዎ እየጠራ ነው።

ልሳኑ፦ ተወው፣ ይጥራ።

ምናሴ፦ ያሳዩኝ እስቲ... ሻምበል ናቸው እኮ! ቆይ፣ ቆይ፣ ይሄ ሁሉ ያልተነሳ ጥሪ የእሳቸው ነው? አሥራ አንድ ጊዜ!

ልሳኑ፦ ከሐሙስ ጀምሮ ነው።

ምናሴ፦ እና መጥተው እኔን ፈሪ ይሉኛል? የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ!

ልሳኑ፦ አንተ አንሳውና «ቤተ ክርስቲያን ገብተዋል» በል። እባክህ።

ምናሴ፦ አልዋሽም። ጋሼ፣ እኔም ፈርቻለሁ። ሶስናን ቢከለክሉኝ የት እንደምገባ አላውቅም። ግን ያንሱት።

ልሳኑ፦ ሃሎ... አቤት ሻምበል! ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን... እህ፣ ሰሙት... ሦስት ጊዜ?... አዎ፣ ድምፁ የራሱ ነው።

ምናሴ፦ ምን አሉ?

ልሳኑ፦ ዝም በል!... አይ፣ እርስዎን አይደለም ሻምበል፣ እርስዎን አይደለም!... አቤት?... «አንዳችሁ ጅብ አባረረ፣ አንዳችሁ ድመት ፈራሁ ትላላችሁ፤ የዋሸው ማነው?» ነው የሚሉኝ?

ምናሴ፦ ጋሼ፣ የፈለጉትን ይበሉ። አልቀየምዎትም።

ልሳኑ፦ ...እኔ ነኝ፣ ሻምበል። ጅቡን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ልጁ ጅብ በዓይኑ አይቶ አያውቅም፤ ቢያይም ኖሮ ዛሬ ሚስት የምንለምንለት ልጅ አይኖረንም ነበር። የተናገረው ሁሉ እውነት ነው፣ የአባቱም ነገር... እሺ... እሺ... ልክ ነዎት። ምን እላለሁ... ይገባኛል። ደህና ይዋሉ።

ምናሴ፦ ዘጉት? ከለከሉኝ አይደል? ይንገሩኝ፣ እችለዋለሁ። ማለቴ አልችለውም፣ ግን ይንገሩኝ!

ልሳኑ፦ አንተንስ ወደውሃል። «ሽማግሌውን ቀይራችሁ ኑ» ነው ያሉት።