ፖሊሽ ፍለጋ የመጣው ለቀስተኛ

(ሐዋሳ፣ ግንቦት መጨረሻ፣ ከቀትር በኋላ። ወይዘሮ ይመኙሻል ከሞተ ሰባት ወር የሆነው ባሏ ዘለቀ ባቆመው የመኪና ቀለምና ፖሊሽ ሱቅ ውስጥ ቆማለች፤ የዘለቀ የሠላሳ ዓመት ጓደኛ ሆኖ ቀብሩ ላይ ያልተገኘው ጡረተኛው ሾፌር ወንድይራድ፣ አልጋና ምድጃ ያለውን ቤት መኪናውን በር ላይ አቁሞ ገብቷል።)

ይመኙሻል፦ እሱን ቆርቆሮ መልሰው ያስቀምጡት። አልሸጥልዎትም።

ወንድይራድ፦ ለምን? መደርደሪያ ላይ ያወጣሽው ልትሸጪው አይደለም እንዴ?

ይመኙሻል፦ ለጭነት መኪና ነው ያወጣሁት። አሸዋ ያለው ነገር ነው፤ ቀለም ይልጋል። የእርስዎ መኪና ፊቱም ጣሪያውም ፋይበር ነው። በዚህ ካሹት ልጠው ልጠው አጥንቱ ላይ ይደርሳሉ።

ወንድይራድ፦ «እርስዎ»? ሠላሳ ዓመት «ወንዴ» ስትዪኝ ኖረሽ ዛሬ እርስዎ ሆንኩ?

ይመኙሻል፦ ደንበኛ ነዎት። ደንበኛ ይከበራል።

ወንድይራድ፦ እሺ፣ ይሁን። ደንበኛው ይጠይቃል። ለፋይበር የሚሆነው የትኛው ነው?

ይመኙሻል፦ እሱን ከመንገሬ በፊት እኔ ልጠይቅ። ቅድም ሲያቆሙት ወጥቼ ጣቴን ጎኑ ላይ አሳርፌ ነበር። ሲያስተምር የዋለ መምህር መስዬ ነው የተመለስኩት። ምን ሆኖ ነው እንዲህ ጠመኔ የሆነው?

ወንድይራድ፦ ፀሐዩ ነው። የላንጋኖን ፀሐይ ታውቂያለሽ።

ይመኙሻል፦ ፀሐይ ብቻ አይደለም። ምን ቀቡት?

ወንድይራድ፦ ምንም።

ይመኙሻል፦ አቶ ወንድይራድ!

ወንድይራድ፦ ናፍጣ።

ይመኙሻል፦ ናፍጣ!

ወንድይራድ፦ ትንሽ ናት፤ በጨርቅ። አገር አቋራጭ ስነዳ በበዓል ዋዜማ አውቶቡሱን በናፍጣ ነበር የምንወለውለው። ተሳፋሪው ፊቱን እያየበት ጸጉሩን ያበጥር ነበር እኮ!

ይመኙሻል፦ አዎ፣ እስከ መጀመሪያው ኬላ ድረስ። ከዚያ የአገሩን አቧራ ሁሉ ለጥፎ ይገባል። ያ ደግሞ ብረት ነው። እዚህ ላይ ናፍጣው ጎማ ጎማውን ነው የሚበላው። የጣሪያው መስኮት ዙሪያ ያለውን ጎማ አይተውታል?

ወንድይራድ፦ ማየት አላስፈለገኝም። ሰኞ የዘነበው ዝናብ አልጋዬ ላይ ወረደ። ሳፋ ደቅኜ ከሳፋው ጎን ተኛሁ። ምን ላድርግ፣ የጨነቀው እርጉዝ ያገባል አሉ። እንዲያብረቀርቅልኝ ብዬ ነው።

ይመኙሻል፦ የቀለም ባለሙያ ጓደኛ የነበረው ሰው መኪናውን በናፍጣ! የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው። ለመሆኑ እስከ ዛሬ ማን ነበር የሚወለውልልዎት?

ወንድይራድ፦ ታውቂያለሽ ማን እንደነበር።

ይመኙሻል፦ ከአፍዎ ልስማው።

ወንድይራድ፦ ዘለቀ ነበር። የምነዳላቸው ፈረንጆች አገራቸው ሲገቡ መኪናውን ለእኔ ከተዉበት ጊዜ ጀምሮ፣ በየዓመቱ፣ ግንቦት ሲያልቅ፣ ዝናቡ ሳይጠና። ጨርቅ እንኳ አያስነካኝም ነበር። «አንተ መሪህን ያዝ» ይለኝና እኔ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ወሬ አወራለታለሁ። አንድ ቀን የትኛው ጠርሙስ እንደሆነ ጠይቄው አላውቅም። የሚሞት አልመሰለኝማ።

ይመኙሻል፦ ለማንም አልመሰለውም። እንግዲህ ይስሙ፤ ሁለቴ አልናገርም። መጀመሪያ ይታጠባል፣ ደህና አድርጎ። የናፍጣው ቅባት ካልለቀቀ ምንም ነገር አይይዝም። ከዚያ ይቺ ናት፣ ነጯ ጠርሙስ። ፖሊሽ ነው፣ ለፋይበር የሚሆን ለስላሳው። የነጣውን ያነሳዋል። ሲያሹት ወተት የመሰለ ነገር ይወጣል፤ አይደንግጡ። ካልደፈረሰ አይጠራም።

ወንድይራድ፦ ከዚያስ?

ይመኙሻል፦ ከዚያ ሰም። ፖሊሽ ያጸዳል፣ ሰም ይጠብቃል። ሁለቱ አንድ የሚመስላቸው ናቸው መኪና የሚገድሉት።

ወንድይራድ፦ ያ ቀዩ ሁለት በአንድ ነው ይላል። እሱን ስጪኝና ልገላገል።

ይመኙሻል፦ መገላገል ነው የፈለጉት?

ወንድይራድ፦ ስለ መኪናው ነው የማወራው።

ይመኙሻል፦ እኔስ ስለ ምን አወራሁ? ቀዩ ለአዲስ መኪና ነው። እንዲህ የተጎዳ ነገር ላይ ላዩን ቢቀቡት ሦስት ቀን ያበራና ተመልሶ ጠመኔ ይሆናል። ሰም ቆሻሻ ላይ ከተቀባ የሚጠብቀው ቆሻሻውን ነው።

ወንድይራድ፦ ሰሙስ የቱ ይሻላል? የሚረጨው አለ፣ የቆርቆሮው አለ።

ይመኙሻል፦ የሚረጨው ለሙሽራ መኪና ነው፤ ከቤተ ክርስቲያን እስከ አዳራሽ ካበራ ይበቃዋል። የእርስዎ ክረምት መሻገር አለበት። የቆርቆሮው እጅ ያደክማል እንጂ ውሃ አያስጠጋም። የፊትና የኋላ መከላከያው፣ ጥቁሩ ፓራውልት ላይ እንዳይነካ፣ ነጭ ሆኖ ይደርቅና በምንም አይለቅም። መስኮቶቹ ደግሞ ፕላስቲክ ናቸው፤ በፖሊሹ እንዳይነኳቸው፣ ይፈዛሉ። ደግሞ ፀሐይ ላይ አይሠራም። ጥላ ይፈልጉ።

ወንድይራድ፦ ጥላ መች ጠፍቶኝ። ሐይቁ ዳር ዋርካ ሥር ነው የማቆመው።

ይመኙሻል፦ በዚህ ሳምንት ነዋ! ባለፈው ሳምንት ወንዶ ገነት፣ በዚያኛው ላንጋኖ። ቤቱን ይዞ የሚዞር ሰው በሩ የት ይንኳኳል?

ወንድይራድ፦ ይመኙ...

ይመኙሻል፦ የእድሩ ጡሩንባ ነፊ ሰፈሩን ሦስቴ ዞረ። ሁለት ሰው ተላከብዎት። ጸሐፊው መዝገቡን ገልጦ አድራሻዎን ቢፈልግ «መኪና» ተብሎ ተጽፏል። መኪና! በዚያ ሁሉ ለቅሶ መሃል ሰው ሳቀ። ስልክዎ ላይ ደግሞ ያቺ ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ትላለች። ያን ቀን ከዘመድ ሁሉ በላይ ያወራሁት ከእሷ ጋር ነው።

ወንድይራድ፦ ላንጋኖ ነበርኩ። ባትሪው አልቆ ነበር፤ እኔም አልሞላሁትም። የሚደውልልኝ ዘለቀ ብቻ ነው። እሱ ደግሞ እሑድ እሑድ ነው የሚደውለው፤ ስለዚህ እሑድ ነው የምከፍተው።

ይመኙሻል፦ ረቡዕ ሞተ። ሐሙስ ቀበርነው።

ወንድይራድ፦ አውቃለሁ። እሑድ ከፈትኩና ጠበቅኩት። ምሳ ሳልበላ ጠበቅኩት። አልደወለም። እኔ ልደውልለት ነበር፤ ግን ተራው የእሱ ነው ብዬ ኮራሁ። ተናድጄበት ተኛሁ፣ ይመኙ። ሰውየው አፈር ከገባ ሦስት ቀኑ ነው፣ እኔ አኩርፌዋለሁ።

ይመኙሻል፦ መቼ ሰሙ?

ወንድይራድ፦ ማክሰኞ፣ ማደያ ውስጥ። ቀጂው ቱቦውን እየሰካ «ጓደኛህ አረፈ አይደል?» አለኝ። ስንት ሊትር ልቅዳ ብሎ ደግሞ ጠየቀኝ። ምን እንዳልኩት አላስታውስም።

ይመኙሻል፦ ማክሰኞ ድንኳኑ ተነስቶ ነበር። እኔ ግን ከቤቴ አልተነሳሁም። ከዚያ ማክሰኞ እስከ ዛሬ ሰባት ወር ነው።

ወንድይራድ፦ መጥቼ ነበር። ሦስት ጊዜ። መታጠፊያው ላይ አቆምና እወርዳለሁ፤ ከዚያ እግሬ እንቢ ይለኛል። አንድ ቀን አንዱ ጎረቤታችሁ «ምነው አትገባም?» ሲለኝ ጎማ እያየሁ ነው አልኩት።

ይመኙሻል፦ አውቃለሁ።

ወንድይራድ፦ ታውቂያለሽ?

ይመኙሻል፦ ቤት የሚያህል መኪና መታጠፊያ ላይ ገትረህ የማትታይ መሰለህ? በመስኮት ሳይህ ነበር። ሦስቱንም ጊዜ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ፍራሹ ላይ ተቀመጥኩ፤ ሲገባ እንደ ወግ ያግኘኝ ብዬ። የፊቱን ጎማ በእግርህ መታህና ሄድክ። የኋላውን እንኳ አላየኸውም!

ወንድይራድ፦ ምን ብዬ ልግባ? «የት ነበርክ?» ሲሉኝ ምን ልበል? ወዳጁ ሲቀበር ዓሣ ሲጠብስ ነበር ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ሐሙስ ዕለት ዓሣ ስጠብስ ነበር።

ይመኙሻል፦ እና ለፖሊሽ መጣህ።

ወንድይራድ፦ ለፖሊሽ መጣሁ። ፖሊሽ የሚገዛን ሰው የት ነበርክ የሚለው የለም።

ይመኙሻል፦ እኔ አልኩህ።

ወንድይራድ፦ አንቺማ ይገባሻል። ይመኙ፣ ተይኝ እስቲ ልጨርሰው። ሰባት ወር ይዤው ዞሬያለሁ። ብቻዬን እዚያ ሣጥን ውስጥ አለቅሳለሁ፤ አይወጣልኝም። ለቅሶ ለብቻ አይሆንም። አንዴ ፊትሽ ላይ ልበለውና...

ይመኙሻል፦ ቆይ።

ወንድይራድ፦ እግዚአብሔር ያጽ...

ይመኙሻል፦ ቆይ አልኩህ! አትበለው።

ወንድይራድ፦ ለምን? እዚህ ቆርቆሮ መሃል ነውር ነው? እንግዲያው ቤት ልምጣ። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ የትም አለቅሳለሁ።

ይመኙሻል፦ ቦታው አይደለም። ፖሊሹን ያዝ፣ ይኸውልህ። ጨርቁንም። መጀመሪያ የማይታይ ጥግ ላይ ሞክረው፣ ከዚያ በክንድ በክንድ እየለካህ ሂድ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወንድይራድ፦ ሰሙስ?

ይመኙሻል፦ ሰሙን ዛሬ አልሸጥልህም።

ወንድይራድ፦ ከኋላሽ እኮ መደርደሪያ ሙሉ ነው!

ይመኙሻል፦ ነው። በፖሊሹ እንዴት እንዳሸኸው በዓይኔ ሳላይ ሰም አልሰጥህም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አምጣው። እዚህ አይደለም፤ ቤቴ በር ላይ አቁመው፤ መታጠፊያው ላይ አይደለም።

ወንድይራድ፦ ገባኝ። ለቅሶም አትቀበዪኝም፣ ሰምም የለም። ቅጣት ነው። ይገባኛል፣ ቅጪኝ። ግን ይቅር አልልህም ካልሽ ቁርጡን ንገሪኝና ልወቀው። ሰው ሁሉ ሲመጣ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ አልካድኩም።

ይመኙሻል፦ አዎ፣ ሰው ሁሉ መጣ። የቀብሩ ዕለት ግቢው አልበቃ ብሎ አስፋልቱ ዳር ተቀመጡ። በሰልስቱ ቀነሱ። በአርባው ወጥ ተርፎ ለጎረቤት አደልኩ። ከአርባው ወዲህ በሬን ያንኳኳው የመብራት ቆጣሪ አንባቢው ብቻ ነው። እሱም ቆጣሪውን አይቶ ሄደ፤ ሻይ ልስጥህ ብለው ሥራ አለብኝ አለ። ክፉ ሆነው አይደለም። ለቅሶውን ደርሰዋል፣ የሚገባቸውን አድርገዋል፤ ከዚያ በኋላ ምን ብለው ይምጡ? ልጄ ከአዲስ አበባ ትደውላለች፤ የእሷም ድምፅ እንጂ ፊቷ አይታየኝም። እኔ ሱቁን ዘግቼ እገባና «ማን ቀረ?» እላለሁ። አንድ ሰው ይቀራል። ያ ወንድይራድ አልመጣም፣ ይምጣና ልኩን እነግረዋለሁ እላለሁ። ስትመጣ የምልህን ሁሉ አዘጋጅቼ እተኛለሁ። ሰባት ወር ሙሉ የማወራው ካንተ ጋር ነበር፣ ወንዴ። የሚመጣ የቀረኝ አንተ ብቻ ነህ። ዛሬ «ያጽናሽ» ብለህ፣ ሰምህን ይዘህ፣ ሁሉን ጨርሰህ ከሄድክ ነገ ማንን ልጠብቅ?

ወንድይራድ፦ ዘለቀ በሁለት ቀን ነበር ጥርግ አድርጎ የሚጨርሰው። የእኔ እጅ ግን ቀርፋፋ ነው፣ ይመኙ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እያመጣሁ ባሳይሽም፣ ክረምቱን ሙሉ ሳይፈጅብኝ አይቀርም።