ዴራ ላለችው ሕፃን

ከአዳማ ወደ ዴራ በሚሄደው ታክሲ ውስጥ ከፊቴ አንዲት ወጣትና አንዲት ነጠላ የለበሱ እናት ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

«ዴራ ዘመድ አለሽ ልጄ?»

«የለኝም እማማ። አንዲት ሕፃን ለማየት ነው የምሄደው። ነርስ ነበርኩ፤ በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆችን በየቤቱ እየዞርን እንመዝን፣ አልሚ ምግብ እንሰጥ ነበር።»

«አሁንስ?»

«የውጭ እርዳታው ሲቋረጥ ፕሮጀክቱ ተዘጋ። መኪናውንም ሚዛኑንም በአንድ ቀን አስረከብን። ሕፃኗን ሳልሰናበታት ቀረሁ።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ያኔ ሁለት ሊሞላት ነበር፤ ግን መቆም እንኳ አልቻለችም። መዝኛት ልሄድ ስል ጣቴን ይዛ አትለቀኝም። እስካሁን እጄ ላይ ያለች ይመስለኛል።»

«ታዲያ ምን ይዘሽላት ነው?»

«ብስኩት ብቻ። ሌላ የምሰጣት የለኝም። ቆማ ስትሄድ ካየኋት ይበቃኛል።»

«ረስታሽ ቢሆንስ?»

«ብትረሳኝማ ይከፋኛል። ግን እኔን የምታውቀኝ ታማ ነው እማማ፤ ድና ከሆነ ትርሳኝ።»

«ዋቃ፣ ፈጣሪ ያሳይሽ ልጄ።»

እኔ ከዴራ በፊት መልካሳ ላይ ወራጅ ነበርኩ፤ ሕፃኗ ቆማ ስትሄድ ለማየት ጓጉቼ «ወራጅ አለ» ሳልል ታክሲው አለፈው።