ቤት የዋለችው የማሽን ሐኪም

«ጋሽ ጆሮ» የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው በፋብሪካ ጥገና አለቃነታቸው ዘመን ነው። ሞተር ገና ሳይፈታ ድምፁን ብቻ አዳምጠው «ኩሽኔታው አልቋል» ይሉ ነበር፤ ሲፈታም አልቆ ይገኛል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ሰውን የሚመዝኑት በአንድ ነገር ብቻ ነበር፦ በጠዋት ከቤቱ በመውጣቱና ባለመውጣቱ።

ታዲያ ሰኞ ረፋዱ ላይ ደረጃ ሲወርዱ ያሳደጓት፣ እዚያው ሕንፃ ላይ የምትኖረው የእህታቸው ልጅ በነጠላ ጫማ፣ ዳቦ ታቅፋ ስትወጣ ቢያገኟት ክው አሉ። ልጅቷ የሆስፒታል መሣሪያዎች ጥገና መሐንዲስ ናት። የመጀመሪያውን መፍቻ በእጇ ያስጨበጧት እሳቸው ናቸው።

«አሞሻል እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ አጎቴ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«በነጠላ ጫማ?»

«ሰኞና ዓርብ ከቤት ሆኜ ነው የምሠራው። የቀሩትን ሦስት ቀናት ዎርክሾፕ እገባለሁ። እንዲህ ከሆነ እኮ አራት ወሩ።»

«አራት ወር ሙሉ ደበቅሽኝ?»

«ቁጣዎን ፈርቼ ነዋ!»

«ልቆጣ እንጂ! ማሽን በስልክ ይፈታል? እኔ አጠገቡ ቆሜ፣ እጄ በግራሶ ተለውሶ ነው እዚህ ያደረስኩሽ። ቤት የዋለ ሰው ሠራ ሲባል ሰምቼም አላውቅ።»

ልጅቷ «ይግቡና ይመልከቱ፤ ከዚያ በኋላ ይፍረዱብኝ» ብላ በሩን ከፈተችላቸው።

የሥራ ጠረጴዛዋ መስኮቱ ሥር ነው። አንድ ኮምፒውተር፣ ጠርዙ የተላላጠ ማስታወሻ ደብተርና የተፈታ የአየር ማጣሪያ ተቀምጠውበታል። ጋሽ ጆሮ ወንበር እንኳ ሳይስቡ የቪዲዮ ጥሪ መጣ። የስድስት ሰዓት መንገድ ርቆ ካለ ሆስፒታል የምትደውል ነርስ ነበረች፤ ከኋላዋ የማሽን ጩኸት ይሰማል።

«እህቴ፣ የጨቅላ ማሞቂያው ሙቀት አልረጋ አለኝ! ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ሕፃን አለን።»

«ሕፃኑ አሁን የት ነው?»

«እናቱ ደረት ላይ፣ ተሸፍኗል።»

«ጎበዝ። እዚያው ይቆይ። እኔና አንቺ ማሽኑን እንይ።»

ጋሽ ጆሮ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አስጠጉ። የሚሰማው እሽሽታ ብቻ ነው፤ ሞተሩ ይሻክር፣ ማራገቢያው ይምታ፣ ምንም አይለይም። «አየሽ? ይኼ ነገርሽ ድምፅ ይበላል» ብለው አንሾካሾኩ።

እሷ ግን ዓይኗን ከምስሉ አላነሳችም። «ስልኩን ወደ ኋላ አዙሪልኝ። ባለፈው ስመጣ ማሽኑ በሩ አጠገብ ነበር፤ አሁን ግን መስኮት ይታየኛል።»

«ቅዳሜ ወለሉ ሲታጠብ አዛውረውት ነው።»

«ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ አየር የሚስብበት ታፍኗል። ወደ ፊት ሳቢው። ማጣሪያውንም አውጥተሽ በአዲስ ቀይሪው።»

«እኔ? ብሰብረውስ?»

«ለሥልጠና እኛ ዘንድ መጥተሽ የለም እንዴ? ከሁሉም ቀድመሽ ያወጣሽው አንቺ ነሽ። አጠገብሽ ቆሜ ነበር፤ እጅሽን አውቀዋለሁ።»

የነርሷ ትከሻ ረገብ አለ። ማጣሪያው አቧራ ጠጥቶ ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሁለቱ ሴቶች ቁጥሩን እያነበቡ ጠበቁ። አርባ ደቂቃ ገደማ ሲሆን ነርሷ «ረጋ! በቃ ረጋ!» ብላ ጮኸች።

ጋሽ ጆሮ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኖሩ። የስድስት ሰዓቱን መንገድ በልባቸው ሲሄዱት ቆዩ። እሳቸው ቢሆኑ እስካሁን ከከተማው ዳርቻ አያልፉም ነበር።

«ተረትቻለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ይኼ ሥራ ነው፤ ያውም የሚያኮራ! ግን እንዲህ ከሆነ ዎርክሾፕ መመላለሱስ ለምን አስፈለገ?»

«ከዎርክሾፕ እየተነሣሁ ሆስፒታሉ ድረስ ሄጄ ክፍሉን ባላየው ማሽኑ መዛወሩን በምን አውቃለሁ? ነርሷስ በአካል ባታውቀኝ መቼ ታምነኝ ነበር?» ካለች በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እውነቱን ልንገርዎት አጎቴ፤ ዎርክሾፕ በምገባበት ቀንም ጥግ ይዤ፣ ማዳመጫ ሰክቼ ስደውል ነው የምውለው። አዲስ የተቀጠሩት ባለሙያዎች ስሜን እንኳ በቅጡ አያውቁትም።»

«እንዲህ ከሆነማ ጥፋት አለብሽ» አሉ አጎትየው ቀና ብለው። «ስልክ ለመደወል ከሆነ እዚያ ድረስ ምን አንከራተተሽ? ጥሪውን ለሰኞና ለዓርብ ሰብስቢው። አስቸኳይ ካልመጣ በቀር በሦስቱ ቀናት ሰው መሐል ዋዪ። አንድ ማሽን አስፈትተሽ ዙሪያውን ቁሙ። ምሳሽንም ከማታውቂው ሰው ጋር ብዪ። ሰው ሲቸግረው የሚደውለው ፊቱን ለሚያውቀው ነው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ምክሩን ግን ደብተሯ ላይ ጻፈችው።

እንዳሏት አደረገች። ወር ሳይሞላ ከአዲሶቹ ሁለቱ ከእሷ ጋር ወደ ሆስፒታሎቹ መውጣት ጀመሩ፤ ቀድሞ እሷ ብቻ የምትመልሰውን ጥሪም ተካፈሏት። ነርሶቹም ማሽን ሲንገራገጭ፣ ጭራሹን ሳይቆም ይደውሉ ጀመር። በርቀት የሚያልቀውን በርቀት፣ ፊት ለፊት የሚሻለውን ፊት ለፊት መጨረስ ድካምን እንዲህ ይቀንሳል፤ ሰውንም ያቀራርባል።

አንድ ዓርብ ጡረተኛ ጎረቤታቸው ደረጃው ላይ፣ ልጅቷ በር አጠገብ አስቆማቸው። «ልጅቷ ዛሬም ቤት ናት አሉ። ምነው፣ ከሥራ አስወጧት እንዴ?»

ጋሽ ጆሮ ደረታቸውን ነፉ። «አራት ሆስፒታል በአንድ ጠዋት የሚያዳርስ ሰው ታውቃለህ? የኔ ልጅ ታዳርሳለች! ማክሰኞ፣ ረቡዕና ሐሙስ ደግሞ ዎርክሾፕ ገብታ ሰው ታፈራለች፤ እጅ ታሠለጥናለች።»

«ወይ ጉድ! እና አሁን እዚያ ውስጥ ሆና ነው ሆስፒታል የምታክመው?» ብሎ ጎረቤትየው በመገረም ጮኸ።

ጋሽ ጆሮ ክንዱን ያዝ አድርገው ቁልቁል መሩት።

«ቀስ በል እንጂ ሰውዬ! ሥራ ቦታ ነው።»